ለአባቷ የቀረችው ቃል

ስትሮኩ የሽማግሌውን ቀኝ ጎን፣ ቁጣውን፣ ቀልዱን፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ጠራርጎ ሲወስድ አንዲት ቃል ረስቶ ሄደ። «ና» የምትል ቃል። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ሲያርሱለት «ና» ይላል። አንሶላ ሲቀይሩለት «ና» ይላል። ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ ባትሪ ሲያበራበትም «ና» አለው። ሐኪሙ የተጠራ መስሎት ጆሮውን አስጠግቶ ጎንበስ አለ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ባትሪውን ኪሱ ከተተ።

ሴት ልጁ አልጋው አጠገብ ባለች የብረት ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ቤተሰቡ «ኩንታል» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። በልጅነቷ ንፋስ የሚወስዳት ቀጫጫ ነበረች፣ ዛሬም ያው ናት፤ ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ሊቀበላት ሲመጣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ይፈልጋል። ሥራዋ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። ቀኑን ሙሉ አንዲትን ቃል ይዛ ከየት መጣሽ፣ የማን ዘመድ ነሽ እያለች ስታናዝዛት ትውላለች። ዘመዶቿ ይህን ሥራ ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም። «ቃል እንደሆነ በየሰዉ አፍ ሞልቷል፤ ለዚህም ደሞዝ ይከፈላል?» ትላለች አክስቷ። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጦ ሁሉም ዓይናቸውን እሷ ላይ ጥለዋል።

ነገሩ የእግር ነገር ነው። ስኳሩ ለዓመታት ሲቦረቡረው የኖረው የቀኝ እግሩ ስትሮኩ ከጣለው ወዲህ ከጣቶቹ ጀምሮ ጠቁሯል። ቀዶ ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየውና መልሶ ሸፈነው፤ ከዚያ ኩንታልን፣ ታላቅ ወንድሟንና አክስቷን ወደ ኮሪደሩ ይዟቸው ወጣ።

«ከጉልበት በላይ መቆረጥ አለበት» አለ። «ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደማቸው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማስታገሻ ከመስጠት በቀር የምናደርገው የለም። ከተቆረጠም እንዲህ ደክመው መቻላቸውን አልምልላችሁም። ከቻሉት ግን ይቆያሉ።»

«እሱን ራሱን ጠይቃችሁታል?» አለች ኩንታል።

«ጠይቀናል። መልሳቸውን ታውቂዋለሽ። ራሳቸውን ሲነቀንቁም አትመኚ፤ እንዲህ ያለው ሕመም አዎንና አይደለምን ያቀያይራል። ግን የሚነገራቸው ነገር ይገባቸዋል፣ እሱን እርግጠኛ ነኝ። ፈቃዳቸውን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ከሌለ አብራቸው የምትኖረው ልጅ ትፈርማለች። ከነገ ጠዋት ማለፍ የለበትም።»

አብራው የምትኖረው ኩንታል ናት። ወንድሟ ጎማ ነጋዴ ነው፣ በሌላው የከተማው ጫፍ ይኖራል፣ ድምፁም አካሉም ግዙፍ ነው፤ አባቱን ከዓመት እስከ ዓመት የሚጠይቀው በስልክ ነበር። ሐኪሙ ዞር ከማለቱ ያን ድምፁን ለቀቀው።

«ምን ያጠያይቃል? ይቆረጥ! እኔን እኮ ነው የሚጠራው። ‹ነይ› አላለም፣ ‹ና› ነው የሚለው። ልጄ ና አድነኝ እያለኝ ነው።»

«አንተን?» አለች አክስቱ። የአባቱ ታናሽ እህት ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። «ፊቱ ተገትረህ ‹ና› የሚልህ ከዚህ በላይ ወዴት እንድትመጣለት ነው? አልጋው ላይ እንድትወጣ? የሚጠራው መልአኩን ነው። ወንድሜ ሙሉ ሰው ሆኖ ነው የኖረው፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ይሂድ።»

«አንቺ ደሞ ገና ሳይሞት ሸኘሽው!»

«አንተስ? በቁሙ የረሳኸውን ሰው ቆራርጠህ ልታቆየው አማረህ?»

ሁለቱም ደም ሥራቸው ተገታትሮ ወደ ኩንታል ዞሩ። «አንቺ ተናገሪ እንጂ» አለ ወንድሟ፣ «ቃል የምታውቂው አንቺ ነሽ።» አክስቷም በዚህ በአንዱ ብቻ ተስማማች። ኩንታል «ጊዜ ስጡኝ» ብላ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

አባቷ ጣሪያውን እያየ «ና… ና…» ይላል። ግራ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ታስሯል። ስትሮኩ ያልነካው እጅ እሱ ብቻ ነው፣ ጣጣውም ከዚያ መጣ፤ አላርፍ ብሎ ሲወራጭ ከአፍንጫው የገባውን የምግብ ቱቦ ደጋግሞ ነቀለው። ነርሷ ፋሻውን ይዛ መጥታ «ለራሳቸው ብለን ነው እህቴ» ብላ ስታስፈቅዳት፣ ኩንታል «እሰሩት» ብላለች። የሚበጀው እሱ መስሏት ነው።

ለእሷ ነገሩን የባሰ ያወሳሰበው የአባቷ ሥራ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ወደብ ላይ፣ የክሬን ምልክት ሰጪ ሆኖ ነው። ክሬኑ ላይ ያለው ሹፌር ከሰማይ ቤት ሆኖ እታች ያለውን አያይም፤ ምልክት ሰጪው ከጭነቱ ሥር ቆሞ አንሳ፣ አውርድ፣ አቁም እያለ ይመራዋል። መርከቡ ግን ከየአገሩ ነው። ሰው ማታ ወደ ቤቱ ዳቦ ይዞ እንደሚገባ እሱ ቃል ይዞ ይገባ ነበር፣ ዛሬ ከሕንዶቹ፣ ነገ ከሩሲያዎቹ፣ ሲለው ከግሪኮቹ። ኩንታልን የቃል ሱስ ያስያዛትም እሱ ነው። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ተርፋ የቀረችው «ና» የየትኞቹ ናት?

ከሰዓት በኋላ እግሯ ወደ መሥሪያ ቤቷ ወሰዳት። ክፍሉ ማጣበቂያና የድሮ ወረቀት ይሸታል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የካርድ መሳቢያ ነው። አለቃዋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው፣ ሲያያት ደንግጦ ተነሳ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? አባትሽስ?»

«‹ና›ን ልፈልግ» አለች።

አልጠየቃትም። መሳቢያውን ሳበላትና አብሯት ተቀመጠ። የራሳቸውን «ና» ሁለቱም በቃላቸው ያውቋታል። የግእዙ «ነዓ» ልጅ ናት፤ የጉሮሮ ድምጿ በዘመን ብዛት አልቆ እንዲህ አጥራ ቀረች። «መጣ» ከሚለው ግስ ጋር አብራ ትኑር እንጂ ሥጋ ዘመዱ አይደለችም። ያለፈ ጊዜ የላትም፣ የሚመጣም ጊዜ የላትም፤ ከ«ነይ» እና ከ«ኑ» በቀር ቤተሰብ የሌላት ትእዛዝ ናት። የስዋሂሊዋ «ና» ሌላ ናት፤ «እና»፣ «ጋር» ማለት ናት፣ ከጥንት ከባንቱ ቋንቋዎች እናት ጀምራ ሰውን ከሰው ስታያይዝ የኖረች። ግሪኮቹ ጣታቸውን ቀስረው «ና» ሲሉ «ይኸውልህ» ማለታቸው ነው። ኮሪያዎቹ ዘንድ «እኔ» ናት። ጃፓኖቹ ዘንድ «ስም»። ኩንታል ይቺን ስታነብ እንባዋ መጣ፤ አባቷ ስሙን ፈልጎ ቢሆንስ?

ከዚያ የሂንዲዋን ካርድ አወጣች። «ና፤ አይደለም፣ እምቢ።» ከሳንስክሪት የመጣች፣ ከእነ አውሮፓ እምቢታዎች ጋር አንድ አያት ያላት። ቀጥሎ የሩሲያዋን። «ና፤ እንካ፣ ያዝ፣ ውሰድ።»

ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጋ አፈጠጠችባቸው። ከሕንዶቹ የያዛት ከሆነ አትንኩኝ ነው የሚለው። ከሩሲያዎቹ ከሆነ ደግሞ፣ እግሬን እንኩ፣ ውሰዱት። እንዲያ ስታስብ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቋ ግን መልኩን ቀይሮ ትከሻዋን ያርገፈግፋት ጀመር። አለቃዋ መሐረቡን ፈልጎ አጣና የጠረጴዛ መጥረጊያ ጨርቁን ሰጣት።

«ልጄ» አላት ስትረጋጋ፣ «እዚህ ቤት ስትቀጠሪ መጀመሪያ ምን አስተማርኩሽ?»

«ምሳሌ የሌለው ካርድ መሳቢያ አይገባም።»

«እኮ። ማን አለው፣ የት ሆኖ አለው፣ ምን እያደረገ አለው። ያለዚያ ትርጉም አንጽፍም። አባትሽ ሲለው ምን ያደርጋል? ወዴት ያያል? እጁስ?»

«ጣሪያ ያያል» አለች ኩንታል ፊቷን እየጠረገች። «እጁ ታስሯል።»

አለቃዋ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም ካርዶቹን ሰብስባ መለሰች። እሱ ጥያቄውን ጠየቀ፣ እሷ መልሱን መለሰች፤ ሁለት የቃል ሊቃውንት ፊት ለፊት ተቀምጠው የተናገሩት ነገር በአፍንጫቸው ሥር አለፋቸው።

በማግስቱ ማለዳ ከሁሉ ቀድማ ሆስፒታል ደረሰች። የሚፈረመው ወረቀት ራስጌው ካለችው ትንሽ ቁም ሳጥን ላይ እስክሪብቶ ተደርቦበት ጠበቃት። እስክሪብቶውን አነሳች። አባቴን ገደልኩት ወይስ አዳንኩት ለማለት እንኳ የሚያበቃ ነገር በእጇ የለም። ፈርማ እምቢ ያለ ሰው እግር ብታስቆርጥስ? ሳትፈርም አድኑኝ ያለን ሰው ብትቀብርስ? እንደ ሕፃን የሚያዝዛት ሰው አማራት፤ ዕድሜዋን ሁሉ እንዲህ ስትሆን የሚያዝዛት ደግሞ እዚህ የተኛው ሰው ነበር።

«አባዬ ምን ላድርግ?» አለችው።

«ና» አላት።

እስክሪብቶውን አስቀምጣ እጁን ልትይዘው ስትጎነበስ ፋሻው ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ መዳፉ አብጦ አየች። ነርሷን ጠራች። ነርሷ ፈታ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «እኔ ሌላ ፋሻ እስካመጣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢላቸው። ብቻ አደራ፣ ቱቦውን እንዳይነቅሉት።»

ኩንታል ሳህን ላይ ውሃ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠበችለት። ወፍራም፣ ገመድ የቦረቦራቸው ጣቶች ናቸው። አደረቀችና ደረቱ ላይ አኖረችለት። እጁ ትንሽ ዐረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገው፣ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ነገር እንደሚያብስ ሰው። በዚያው ቱቦውን ነካው። ኩንታል ልትይዘው እጇን ሰደደች፣ ግን እጇ መንገድ ላይ ቀረ። አሁን አመልካች ጣቱን ወደ ታች አድርጎ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ያሽከረክረው ጀመር። «ና…» አለ። «ና… ና…»

ይህን ታውቀዋለች። የታወቃት በጭንቅላቷ ሳይሆን በጀርባዋ ነው።

ልጅ ሆነው አልጋ የሚገቡት በክሬን ነበር። ወንድሟ ክሬን ነው፣ አባቷ ምልክት ሰጪ፣ እሷ ጭነት። ወንድሟ በሁለት ክንዱ ያነሳትና ከአልጋው በላይ ያንጠለጥላታል፤ አባቷ ከታች ቆሞ ጣቱን ወደ ላይ ካደረገ ትነሳለች፣ መዳፉን ከጠረገ ባለችበት ትቆማለች፣ ጣቱን ወደ ታች በዝግታ ካሽከረከረ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ስትወርድ ታዲያ አባቷ ወደብ ላይ ጭነቱን እንደሚያባብለው እሷንም «ና… ና… ና…» እያለ ነው የሚቀበላት። «አባዬ እኔ ሴት ነኝ፣ ነይ በለኝ» ብላ አንድ ቀን ተነጫነጨች። «ቤት ውስጥ ሴት ነሽ» አላት ኮስተር ብሎ፣ «በሥራ ሰዓት ግን ኩንታል ነሽ። ኩንታል ወንድ ነው።» ወንድሟም ዝም ብሎ አያወርዳትም። ወደብ ላይ ሹፌሩ ምልክቱ እንደገባው በክላክስ ሁለቴ ካልመለሰ ምልክት ሰጪው እጁን አያወርድም፣ ያንኑ ምልክት ይደጋግማል እንጂ። ወንድሟ ክላክስ ስላልነበረው በአፉ «ጲጵ፣ ጲጵ» ይላል። ከዚያ ወደ ብርድ ልብሷ ትወርዳለች።

ኩንታል ሳህኑን ወለል ላይ አስቀመጠች፣ ውሃው ጫማዋ ላይ ተደፋ። በአባቷ ፊት ቆማ በብርድ ልብሱ ላይ በእጇ እግሩን ከጉልበቱ በላይ የምትቆርጥ አስመሰለች፤ ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ አሽከረከረች። አንሳ። እንቁረጠውና ቆይ።

መዳፉ ተዘርግቶ ጠረገ። አቁም።

በድጋሚ ጠየቀችው። በድጋሚ ጠረገ፣ አሁን በቁጣ። ያ የጠፋ ቁጣው ነበር፤ እዚያ መዳፉ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ጣቷን ወደ ታች አድርጋ በዝግታ አሽከረከረችው። አባቷ ተመለከታት። የራሱን ጣት ከጣቷ አጠገብ አምጥቶ አብሯት አሽከረከረ። «ና…» አለ፣ ለስለስ አድርጎ።

እየለመነ የነበረው ይህንኑ ነው። እጁ ሲወራጭ፣ ቱቦው ሲነቀል፣ ይህንኑ ሲናገር ነበር። እሷ ደግሞ አፉን ትታ እጁን አሰረችበት፤ አስራው ስታበቃም ንግግሩን ከሳንስክሪት ልትፈልግለት ሄደች። እንዲህ ያለ ኀዘን ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። «እሰሩት» ያለ አፏን በጥፊ ብትመታው ደስ ባላት። ልትመልስለት ፈለገች፤ «ጲጵ» ልትል ከንፈሯን ሰበሰበች፤ ትንፋሽ አልወጣላትም። ከመለሰች ይወርዳል። ያን ማለት አቃታት፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት እንጂ ክሬን ሆና አታውቅም። እጁ መሽከርከሩን አላቆመም። መልስ እየጠበቀ ነበር፣ እየደከመም ነበር።

በሩ ተከፈተና ወንድሟ ከሐኪሙ ጋር ገባ። አክስቷ ከኋላ ተከትላ በሩ ላይ ቆመች።

«ፈረምሽ?» አለ ወንድሟ።

«አልፈረምኩም።»

«ሐኪሙ እኮ ቆሞ ነው ያለው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተን» አለችው። «እጁን እየው።»

«የምን እጅ ነው ደሞ…» ብሎ ጀመረና ዓይኑ ወደ አልጋው ሄደ። አባቱ አየው። መዳፉን ዘርግቶ ጠረገ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ በዝግታ አሽከረከረ። «ና… ና…»

የጎማ ነጋዴው ፊት እንዳለ ፈረሰ። ሁለት እጆቹን ሰው እንዳያይበት ወደ ኋላው ደበቃቸው። «አይሆንም አባዬ» አለ። «እሱን አትበለኝ። ሌላ በለኝ፣ ምንም በለኝ። አሁን እኮ መጣሁ። ከእንግዲህ በየቀኑ ነው የምመጣው።»

መዳፉ ጠረገ። ጣቱ ወደ ታች ዞረ።

«ምን እያሏችሁ ነው?» አለ ሐኪሙ በዝቅተኛ ድምፅ።

«አትቁረጡኝ» አለች ኩንታል። «ቀስ አድርጋችሁ አውርዱኝ። ሁለቴ በተቃራኒው ጠይቄዋለሁ፣ ሁለቴም አስቆሞኛል። አንተም ጠይቀው ከፈለግህ፣ አሳይሃለሁ።»

ሐኪሙ ምልክቱን ከእሷ ተምሮ ጠየቀ። ሽማግሌው በመዳፉ መለሰለት። ሐኪሙ ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አንስቶ በቁመቱ አጠፈው። በሩ ላይ አክስቲቱ፣ ያለችው ሆኖላት ሳለ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

የሽማግሌው ጣት ግን አሁንም ይዞራል። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ አያወርደውም። ኩንታል ወንድሟን አየችው። «እስክትመልስለት አያወርደውም» አለችው። «ታውቀዋለህ።»

ወንድሟ ወደ አልጋው ተጠጋ። ያ ግዙፍ ሰው ተንበርክኮ አገጩን አልጋው ብረት ላይ፣ ፋሻው ታስሮበት በነበረው ቦታ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩን ሰበሰበ። በመጀመሪያው ምንም አልወጣውም። በሁለተኛው ግን በዚያ ገበያ በሚያናውጥ ድምፁ ሳይሆን በቀጭን፣ በልጅ ድምፅ፣

«ጲጵ» አለ።

ጣቱ ቆሞ ጠበቀ።

«ጲጵ።»

የአባታቸው እጅ ወረደና ደረቱ ላይ ዐረፈ። ነርሷ አዲሱን ፋሻ ይዛ ስትገባ ኩንታል ራሷን ነቀነቀችባት፤ ነርሷም ፋሻውን ኪሷ ከተተችው። ሽማግሌው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስኪያልፍ ድረስ «ና» የምትለውን ቃል ደግሞ አልተናገራትም።